«ሰባተኛው ማኅተም» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደብረ ብርሃን ለቅሶ ደርሼ ነበር። «እግዜር ያጽናችሁ» ብዬ ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የንፍሮው ሳህን ይዞራል፤ የሚያወራ ሰው ግን የለም። ማታ ቤት ገብቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ከዓመታት በፊት ያየሁትን «ሰባተኛው ማኅተም» የተባለ ፊልም እንደገና ከፈትኩት። ያኔ ስለ ሞት የተሠራ መስሎኝ ነበር። ለካ ዋናው ነገሩ ዝምታ ነው።

ስሙ የተወሰደው ከዮሐንስ ራእይ ነው። በጉ በሰባት ማኅተም የታተመውን መጽሐፍ ይፈታል። ስድስቱ ሲፈቱ ፈረሰኞች ይወጣሉ፣ ምድር ትናወጣለች፣ ፀሐይ ትጠቁራለች። ሰባተኛው ሲፈታ ግን፣ ምዕራፍ 8 መጀመሪያ ላይ፣ በሰማይ የግማሽ ሰዓት ያህል ዝምታ ይሆናል። ከመቅሠፍቱ ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

የስዊድኑ ኢንግማር በርግማን ፊልሙን ያወጣው በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። አባቱ የሉተራን ቄስ ነበሩ። በታሪኩ አንቶኒየስ ብሎክ የሚባል ባላባት ከ10 ዓመት የመስቀል ጦርነት በኋላ ጋሻ ጃግሬውን አስከትሎ ይመለሳል። አገሩን ወረርሽኝ እየፈጀው ነው። ባሕሩ ዳርቻ ላይ ሞት ጥቁር ካባ ለብሶ ይመጣበታል። ብሎክም ቼዝ እንጫወት፣ ካሸነፍኩህ ትለቀኛለህ ይለዋል። ጥቁሩ ጠጠር ለሞት ይደርሰዋል።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ቼዙን ነው። እኔን የያዘኝ ኑዛዜው ነው። ብሎክ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በብረት ፍርግርግ በኩል ይናዘዛል። እግዚአብሔር ለምን ይሰወራል? ማመን አይበቃኝም፣ ማወቅ እፈልጋለሁ ይላል። ቼዙን እንዴት ሊያሸንፍ እንዳሰበ ሳይቀር ይናገራል። ከፍርግርጉ ወዲያ ያለው ግን ቄስ አይደለም፣ ሞት ራሱ ነው። ከነፍስ አባቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚናዘዝ ሰው ይህ ሆድ ያባባል።

የኛ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን በሰማይ ብርሃን ታይቶ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዚህ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ ይባላል። እንዲህ ያለ ስም ባላት ከተማ ላደገ ሰው የሰማይ ዝምታ ይከብዳል። ቢሆንም የብሎክን ጥያቄ ክህደት ለማለት አፌ አይደፍርም። ኢዮብም ጠይቋል። ዳዊትም «እስከ መቼ» ብሏል።

መሃል ላይ አንድ ቀለል ያለ ትዕይንት አለ። ተጓዥ ተዋንያን የሆኑ ባልና ሚስት ብሎክን ሣር ላይ አስቀምጠው እንጆሪና ወተት ይሰጡታል። ሕፃናቸው አጠገባቸው ነው። ብሎክ የወተቱን ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጁ ይዞ፣ ይህችን ሰዓት እንደማይረሳት ይናገራል። በኋላ ሞት ወደነሱ ሲቀርብ ብሎክ የገዛ ካባው የነካ አስመስሎ የቼዙን ጠጠሮች ይበትናቸዋል። ሞት ጠጠር ሲደረድር ቤተሰቡ ሹልክ ብሎ ያመልጣል።

ብሎክ ራሱ አያመልጥም። ቤቱ ደርሶ ማዕድ ላይ ሳሉ ሚስቱ ያንኑ የራእይ ምዕራፍ ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። በሩ ይመታል። ሞት ይገባል። እስከዚያች ሰዓት አንዲት ቃል ያልወጣት ልጅ ትንበረከካለች። ፊቷ በርቶ፣ «ተፈጸመ» ትላለች።