ራስ ምታትና የፊት ሕመም፦ አዲስ መድኃኒት ኮዬ ፈጬ እስኪደርስ

አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ ላይ ንፋሱ ኃይለኛ ነው። ሜዳውን አቋርጦ ይመጣና በኮንዶሚኒየሞቹ መሀል ፊት ላይ ይጋረፋል። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ጎረቤቴ ከቤት ስትወጣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ትከናነብ ነበር። ብርዱን ፈርታ አልነበረም። ንፋሱ ቀኝ ጉንጯን ሲነካው እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራታል። ሕመሙ የሚቆየው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ግን ያስጮሃል። መጉመጥመጥም፣ ማውራትም፣ ፊት መታጠብም ይቀሰቅሰዋል። ጥርስ ነው ተብሎ ሁለት መንጋጋዋን አስነቀለች። ሕመሙ ንቅንቅ አላለም።

ይህ ሕመም ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከአምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው። ነርቩ ሦስት ቅርንጫፍ አለው። አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን ይሄዳል፣ ሁለተኛው ወደ ጉንጭና ላይኛው መንጋጋ፣ ሦስተኛው ወደ ታችኛው መንጋጋ። ብዙ ጊዜ አንድ የደም ሥር ነርቩን ከሥሩ ይጫነዋል። በጊዜ ብዛት ሽፋኑ ይላጣል። ልክ እንደተላጠ የመብራት ገመድ፣ ትንሽ ንክኪ ብልጭታ ይፈጥራል። ይኸው ነርቭ የማይግሬንም ዋና መንገድ ነው። ስለዚህ የራስ ምታትና የፊት ሕመም መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ቦታ ላይ ይገናኛል።

ራስን የሚያም ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አማርኛችን ራሱ ያውቃል። «ይፈልጠኛል»፣ «ይወቅረኛል»፣ «ወጥሮ ያዘኝ» የምንለው ለየቅል ነው። ግማሽ ራስን የሚወቅረው፣ ብርሃን የሚያስጠላውና የሚያስመልሰው ማይግሬን ነው። ግንባርን እንደ መቀነት የሚያጠብቀው የውጥረት ራስ ምታት ነው። በአንድ ዓይን ዙሪያ እየነደደ እንባ የሚያፈሰው ክላስተር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተሳተፉበት፣ ቤት ለቤት እየተዞረ የተሠራ ነበር። በኢትዮጵያ ከ18 እስከ 65 ዓመት ካሉ ሰዎች 17.7 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን እንደነበራቸው አሳይቷል። ከስድስት ሰው አንድ ያህል ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ ሻሽ ጠፍሮ እየተኛ «ራስ ምታት ነው እኮ» ተብሎ መታለፉ ያናድደኛል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የጎረቤቴ መድኃኒት አዲስ አይደለም። ካርባማዜፒን ይባላል። በ1953 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ፣ በጋይጊ ኩባንያ ቫልተር ሺንድለር የሚባል ኬሚስት ሠራው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ የፊት ሕመም እንደሚሆን ታወቀ። በነርቩ ላይ ሶዲየም የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ያረጋጋል፤ ብልጭታው ይቀንሳል። ዛሬም የመጀመሪያ ምርጫ እሱ ነው። ለሚጥል በሽታም ስለሚሰጥ መድኃኒት ቤት አይጠፋም። ግን ያዞራል፣ ያደነዝዛል፣ የደም ጨው ያወርዳል። የወሊድ መከላከያ ኪኒንንና አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን አቅም ያዳክማል። ስለዚህ ሐኪም ሳያውቀው አይጀመርም። እሷ በጀመረች በሳምንቱ ጉንጯን ገልጣ ወጣች። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፤ ምጣዱ ላይ እንዳትወድቅ ልጇ አጠገቧ ይቆማል።

ለዚህ ሕመም ከካርባማዜፒን የተሻለ ነገር ማግኘት ከባድ ሆኗል። ቪክሶትሪጂን የሚባል መድኃኒት እንቅልፍ ሳያመጣ ያንኑ ሥራ እንዲሠራ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2017 የታተመው ሙከራው ግን ዋናውን ግብ አልመታም። በሽታው በዓመት ከ100,000 ሰው ከ4 እስከ 13 የሚሆኑትን ብቻ የሚይዝ መሆኑም ችግር ነው። ለሙከራ የሚበቃ በሽተኛ መሰብሰብ ያስቸግራል፤ ኩባንያም ለጥቂት ሰው ገንዘብ ማፍሰስ አይወድም። በጥር 2025 አሜሪካ ውስጥ ሱዜትሪጂን የተባለ አዲስ ዓይነት የሶዲየም መንገድ መዝጊያ ተፈቅዷል። እሱም ለድንገተኛ ሕመም ነው እንጂ ለፊት ነርቭ ሕመም አይደለም።

የማይግሬን ታሪክ ከዚህ ይሰፋል። የመጀመሪያው ለማይግሬን የተለየ መድኃኒት ኤርጎታሚን ነው። በ1918 ከኤርጎት፣ እህል ላይ ከሚበቅል ፈንገስ ተነጥሎ ወጣ። የሰፉ የደም ሥሮችን ያጠብባል። ኤርጎትን እኛ በመጥፎ ገጹ እናውቀዋለን። በኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ወሎ ውስጥ፣ በኋላም በ2001 እ.ኤ.አ. አርሲ ውስጥ፣ በፈንገሱ የተበከለ እህል የበሉ ሰዎች ተመርዘዋል። ሲናር የተቀላቀለበት እህል ነበር። የእጅና የእግር ጣት ጠቁሮ እስከ መድረቅ ያደርሳል። ያ መርዝ በጥቂት ሚሊግራም ሲመጠን መድኃኒት ሆነ። አሁንም በብዙ አገር ከካፌይን ጋር ተቀላቅሎ በኪኒን ይሸጣል። አንድ ነገር ግን መረሳት የለበትም። ሪቶናቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኤርጎታሚን መንካት የለበትም። የደም ሥሩ እስኪዘጋ ሊጠብብ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያሉት መከላከያዎች አብዛኞቹ በአጋጣሚ የተገኙ ናቸው። ፕሮፕራኖሎል የልብ መድኃኒት ነበር። አሚትሪፕቲሊን ለድብርት፣ ቫልፕሮኤት ለሚጥል በሽታ የተሠሩ ናቸው። ለማይግሬን ተብሎ ከመነሻው የታሰበበት የመጀመሪያው ዘመናዊ መድኃኒት ሱማትሪፕታን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግላክሶ ቤት ፓትሪክ ሀምፍሪ የመራው ቡድን በ1980ዎቹ ሠራው፤ በ1991 ገበያ ገባ። የልብ ደም ሥር ሕመም ላለበት ሰው አይሰጥም። ለቀሪው ግን ትልቅ እፎይታ ሆነ።

ትልቁ ዝላይ የመጣው «ነርቩ ሲታመም ምን ይረጫል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲጂአርፒ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ታወቀ። ላርስ ኤድቪንሰን የፊት ነርቩ ውስጥ አገኘው። ከፒተር ጎድስቢ ጋር ሆነው ማይግሬን ከያዛቸው ሰዎች አንገት ደም ሥር ደም ቀዱ። ሲጂአርፒው ከፍ ብሎ ተገኘ። ማስረጃው ግን ገና ነበር፤ ጭስ ከእሳት ጋር ቢታይም እሳቱን ያነደደው ጭሱ አይደለም። ዴንማርክ ያለው የየስ ኦሌሰን ቡድን የማይግሬን በሽተኞችን አስተኝቶ ሲጂአርፒውን በግሉኮስ ገመድ እንደሚሰጥ ነገር ወደ ደማቸው አንጠባጠበ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብዙዎቹን ማይግሬን ያዛቸው። አስቡት፤ እነዚህ ሰዎች ያንን ሕመም እያወቁት፣ ለሌላው ሲሉ ፈቅደው ክንዳቸውን ሰጡ። እነሱን ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። ኤድቪንሰን፣ ጎድስቢ፣ ኦሌሰንና አሜሪካዊው ማይክል ሞስኮዊትዝ በ2021 በአንጎል ምርምር የሚሰጠውን የብሬይን ሽልማት ተካፈሉ።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። ቴልካጀፓንት የሚባለው የመጀመሪያው ኪኒን ሥራውን ሠርቶ ነበር፤ በየቀኑ ሲወሰድ ግን ጉበት ነካና ቀረ። ከዚያ ሁለት መንገድ ተከፈተ። አንዱ ሲጂአርፒን ወይም ማረፊያውን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል፣ በወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ መርፌ ነው። ኤሬኑማብ በግንቦት 2018 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በትልቁ ሙከራ በከፍተኛው መጠን ከወሰዱት ግማሹ የማይግሬን ቀናቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰ። ለማነጻጸር መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉትም 26.6 በመቶው እንዲሁ ተሻላቸው። የራስ ምታት ሙከራ አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ይታያል፤ ተስፋ ራሱ ሕመም ያስታግሳል። ሁለተኛው መንገድ ጉበት የማይጎዱ ኪኒኖች ናቸው። ኡብሮጀፓንት በ2019፣ ሪሜጀፓንት በ2020 ተፈቀዱ። አሁን ደግሞ ፓካፕ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ላይ ሙከራ ይዘዋል።

የራስ ምታት ሙከራ የሚለካው በደም ምርመራ አይደለም። በማስታወሻ ደብተር ነው። ሰውየው ቤቱ ሆኖ ሲያመው ኪኒኑን ይውጣል፣ ሰዓቱን ይጽፋል። ከ2 ሰዓት በኋላ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ወይስ አልጠፋም? ለመከላከያ ደግሞ በወር ስንት ቀን እንዳመመው ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ከከተማው ዳር ሆኖ ሲታይ እንዴት ነው? ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቱሉ ዲምቱ አንድ መድኃኒት ቤት ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት ከሥራ ስትመለስ ገባች።

«ወንድሜ፣ ለራስ ምታት ጠንከር ያለ ነገር ስጠኝ።»

«እህቴ፣ በወር ስንት ቀን ትወስጃለሽ?»

«ኧረ በየቀኑ ነው።»

ፋርማሲስቱ ልጅ መቀሱን ቁጭ አደረገው። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ለሱማትሪፕታን፣ ለኤርጎታሚንና ለትራማዶል ገደቡ 10 ቀን ነው። ይህን ተረጋግቶ ሲነግራት ሰማሁት። ጥሩ ፋርማሲስት ሰፈር ውስጥ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ዳማከሴ አለ። «ምች መታኝ» ያለ ሰው ቅጠሉ ታሽቶ ይሸተዋል፣ ጭማቂው ከቡና ጋር ይጠጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትኩሳት ማውረዱን በአይጥ ላይ ፈትነዋል። ከአይጥ እስከ ኪኒን ግን ሩቅ ነው። ውስጡ የሚሠራው ምን እንደሆነ መለየት አለበት፣ መጠኑ መወሰን አለበት፣ ከዚያ በሰው ላይ ይሞከራል። ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ከ1970 ጀምሮ አለ፤ በሰው ላይ የመድኃኒትና የክትባት ሙከራ የማካሄድ ልምዱ አለው። አብሮ የሚጠጣውም ቡና ዝም ብሎ አይደለም፤ ካፌይን የሕመም ማስታገሻን ያጠነክራል። የለመደ ሰው ሲያጣው ደግሞ ራሱን ያመዋል፤ በጾም ወራት ጠዋት ብዙ ሰው ያውቀዋል።

አዲሶቹ መርፌዎች እዚህ ለመድረስ ሁለት እንቅፋት አለባቸው። ኤሬኑማብ አሜሪካ ገበያ ሲወጣ የዓመት ዋጋው 6,900 ዶላር ነበር። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥም መቀመጥ አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ምን ይሁን? ኪኒን ይሻላል። ከኪኒኖቹም ለኛ ቅርቡ ሱማትሪፕታን ነው። የባለቤትነት መብቱ ካለቀ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ፍሪጅ አይፈልግም።

ቂሊንጦ ላይ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች ተብሎ የተሠራ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ሱማትሪፕታንን እዚያ ለመሥራት እንደ ዴንማርኮቹ በጎ ፈቃደኞችን ማሳመም አያስፈልግም። ዋና ቅመሙ ይገባል፣ ኪኒኑ ይጠፈጠፋል፤ ከዚያ ጥቂት ጤነኛ ሰዎች ውጠውት ደማቸው ውስጥ ከመጀመሪያው መድኃኒት እኩል መድረሱ ይለካል። ፈቃዱን የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሰጣል። ከቂሊንጦ ኮዬ ፈጬ ደግሞ በሚኒባስ ቅርብ ነው።