ሁላችን ከዚህ አለን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የምናወራው ነገር ያሳፍራል። ሰው በገዛ እጁ አለፈ ሲባል፣ ገና አስከሬኑ ሳይወጣ «ምን ጎድሎት ነው?» «እምነት ቢኖረው ኖሮ» እንባባላለን። እናቱ እዚያው ጥግ ተቀምጣ ትሰማናለች።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16ን ገልጣችሁ የፊልጵስዩስን ወኅኒ ጠባቂ እዩት። በሌሊት ምድር ተናወጠች፣ ደጆች ተከፈቱ፤ እስረኞቹ ያመለጡ መሰለውና ሰይፉን መዘዘ። ጴጥሮስ ከወኅኒ በወጣ ጊዜ ሄሮድስ ጠባቂዎቹን አስገድሏል፤ የፊልጵስዩሱ ጠባቂም ነገ የሚጠብቀው ቅጣትና ውርደት ታይቶታል። ግን እኮ አንድም እስረኛ አልሄደም! ላልሆነ ነገር ሊሞት ነበር። ጀርባው በበትር የቆሰለው ጳውሎስ ከጨለማው ውስጥ «በታላቅ ድምፅ፦ ሁላችን ከዚህ አለንና በራስህ ክፉ አንዳች አታድርግ ብሎ ጮኸ»። አልገሠጸውም፤ ስለ ገሃነምም አልሰበከለትም። «እመን» የሚለው ትምህርት የመጣው ሰይፉ ከወረደና ሰውየው ራሱ ከጠየቀ በኋላ ነው። እኛ ግን ስብከቱን አስቀድመን ሰይፉን በእጁ እንተወዋለን።

«መኖር ታከተኝ»፣ «ለማንም አልጠቅም»፣ «ልጆቼን አደራ» ያለውን ሰው በቀልድ አትለፉት። ዕዳውን ድንገት የሚዘጋ፣ ዕቃውን የሚያድል፣ ሲጨነቅ ከርሞ ያለ ምክንያት የተረጋጋ ሰውም ያሳስባችሁ። ለብቻ ወስዳችሁ በግልጽ ጠይቁት፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙዎች ስለተጠየቁ ይገላገላሉ። አዎ ካለ፣ በምን እና መቼ እንዳሰበ፣ ያሰበበት ነገር በእጁ እንዳለ ጠይቁ። ካለ ለአንድ ሰዓትም ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ካልደረሰ አይድንም የሚባለው ስሕተት ነው፤ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፣ ከገጠር ደግሞ በጤና ጣቢያ ይጀመራል።

ሰይፉን ማራቅ ማለት በእኛ ቤት የነቀዝና የተባይ መድኃኒቱን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ሣጥን ውስጥ መቆለፍ፣ ቁልፉንም ጎረቤት ዘንድ ማስቀመጥ ነው። ከጦርነቱ ወዲህ መሣሪያ ያለበት ቤት በዝቷል፤ ጠመንጃው ለጊዜው ዘመድ ቤት ይክረም። ሐሳቡ እጅግ የሚበረታው ለጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ነውና፣ በዚያች ጊዜ እጁ ያጣው ነገር ሕይወቱን ያተርፋል። ስሪ ላንካ እጅግ መርዛማዎቹን የእርሻ ኬሚካሎች ካገደች በኋላ እንዲህ ያለው ሞት በእጅጉ ቀንሷል። አንድ ሰው ጠጥቶ ከተገኘ ግን ላስመልሰው፣ ወተት ላጠጣው እያሉ ጊዜ ማባከን አይገባም፤ የጠጣበትን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሕክምና ሩጡ።

ካህናት አባቶቼ፣ ኑዛዜ ምስጢር ነው፤ የሚናዘዘው ልጃችሁ ራሱን ለማጥፋት ማሰቡን ሲነግራችሁ ግን አብራችሁት ተነሥታችሁ ሂዱ፣ ለአንድ ዘመድ ለመንገርም ፈቃዱን ለምኑት። ጸበልና ክኒን አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይህንኑ ተናግረዋል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚወጣ ሕመምተኛ ክኒኑን በከረጢቱ ይዞ ይውጣ። የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መጣል የተለመደ ጥፋት ነው። ከተሻለውም በኋላ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ይቀጥላል፤ የሚያቆመውም በሐኪሙ ምክር ነው። የወሩን ክኒን በሙሉ እርሱ ዘንድ አታስቀምጡ፤ ዘመድ ይዞ በጥቂት በጥቂቱ ይስጠው። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ የንስሐ አባቱ ጾሙን ይፍቱለት።

ቅሬው፣ ማለትም እድራችን ላይ ግን ብዙ ቅሬታ አለኝ። ለሞተው ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ከተፍ ይላል። ሠልስቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን አንስትም። ከሞት ተርፎ ከሆስፒታል የወጣውን ግን ማን ይቆጥርለታል? በዓለም ጤና ድርጅት ጥናት በአምስት አገሮች የተሞከረ ሥርዓት አለ፦ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ18ኛው ወር ሰው እየሄደ ወይም እየደወለ «እንዴት ነህ?» ይላል። ከሆስፒታል ሲወጣ ከሚሰጠው የአንድ ሰዓት ምክር ጋር፣ በዚህ ክትትል በገዛ እጃቸው የሞቱት ቁጥር ቀንሷል። ዘጠኝ ጉብኝት! ብዙው የወሎ ቅሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይይዛል፤ ቀኑን ተከፋፍሎ መውጣት አያቅተውም። ከአረብ አገር ተጎድታ የተመለሰችውን እኅትም ከዚሁ ዝርዝር አስገቧት፤ ቡና አፍልታችሁ ጥሯት፣ ስላመጣችው ገንዘብ ግን አትጠይቋት።

ስላለፉትም ቢሆን ፍርዱን ለእግዚአብሔር ተዉለት። በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የተገኘው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ጢሞቴዎስ፣ ራሱን ስለገደለ ሰው ጸሎት ተጠይቆ፣ ካህኑ በጥንቃቄ ይመርምር፣ አእምሮውን ስቶ ከሆነ መሥዋዕት ይቅረብለት ብሏል። መመርመር የካህኑ ነው፤ የድንኳኑ ተቀማጭ ሥራ አይደለም። እናቱም ሆነች ወንድሙ ከሌላው ሰው ይልቅ ለዚሁ ሐሳብ የተጋለጡ ናቸውና፣ አርባው ሲወጣ ቤቱን አትሽሹት፤ ዘጠኙ ጉብኝት ለእነርሱም ይቆጠርላቸው።