ተለዋጭ ዘይቤ ምንድን ነው? ወይስ ምን አይደለም?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የደራሲ ኔዲ ኦኮራፎርን «አካታ ዊች» የተባለ ፋንታሲ (አስማት እውነት የሆነበት ልቦለድ) አንብቦ «ዕውቀት ገንዘብ ሆኖ ከሰማይ ይዘንባል፤ እንዴት ያለ ውብ ተለዋጭ ዘይቤ ነው!» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ የመጀመሪያዬ አይደለም። አሁን ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

«እንደ» ካለበት ተነጻጻሪ («ልጁ እንደ አንበሳ ነው»)፣ ከሌለበት ተለዋጭ («ልጁ አንበሳ ነው») የሚለውን የትምህርት ቤት ነገር እንለፈው።

ወንድሜ፣ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ እኮ የምር ይዘንባል! ታሪኩ የሚካሄደው ደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ አባ ከተማ ነው። ባለታሪኳ ሰኒ የ12 ዓመት ልጅ ናት። አስማት ያላቸው ሰዎች አዲስ ነገር በተማሩ ቁጥር ቺቲም የሚባል ቆልመም ያለ የብረት ዘንግ ከላይ ዱብ ይላል። ለቅመው ዕቃ ይገዙበታል። አናትህ ላይ ቢያርፍ «ዘይቤ ነው» ብለህ አታልፈውም።

«ልጁ አንበሳ ነው» ስልህ ልጁ አንበሳ እንዳልሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ተለዋጭ ዘይቤ የሚቆመው በዚህ ስምምነት ላይ ነው። አንጥረኛውን አስበው። ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ እሳት ያሳየዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ወርቅ ይፈስሳል። የአንበሳውም ጎፈር፣ ጥፍርና ጭራ እንደ ሰሙ ቀልጦ ይሄዳል፤ ጀግንነቱ ለልጁ ይቀራል። ፋንታሲ ውስጥ ግን ሰሙ አልቀልጥም ይላል። አንጥረኛው ወርቁን ይዞ ቢመጣ ቦታው ተይዟል። ይባስ ብሎ ሰሙ ከጭቃው ወጥቶ ገበያ ይሄዳል። (እሺ፣ ምሳሌዬን ትንሽ ጎተትኩት።)

የቅኔ ሰዎች እንዳትቆጡኝ፤ ተለዋጭ ዘይቤ ሰምና ወርቅ ነው አላልኩም። ሰምና ወርቅ ኅብረ ቃል ይፈልጋል፣ ሁለት ፍቺ የሚሸከም ቃል። «አንበሳ» እዚህ ጋ ኅብረ ቃል አይደለም።

የባሰው ግን ቀጥሎ ነው። ይኸው ሰው መጽሐፉን «ነብር የሚሆኑ ልጆች ታሪክ» ይለዋል። አስማተኞቹ «የነብር ሰዎች»፣ አስማት የሌላቸው ደግሞ «ግልገሎች» ይባላሉ፤ እውነት ነው። ግን ግልገል የተባለ ሁሉ ሣር ይግጣል እንዴ? እዚያው አካባቢ ኤክፔ የሚባል የቆየ ምስጢራዊ ማኅበር አለ፤ ቃሉ ነብር ማለት ነው። ተለዋጭ ዘይቤ ከፈለግህ እነዚህ ስሞች ነበሩልህ! ዘይቤ የሆነውን እውነት፣ እውነት የሆነውን ዘይቤ አድርጎ አረፈው።

ሳሙኤል ዲላኒ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲና ሃያሲ ይህን ነገር ለሳይንስ ልቦለድ ያሳየው በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ዓለሟ ፈነዳ»። ተራ ልቦለድ ውስጥ ከሆነ ሴትዮዋ ልቧ ተሰብሯል። ሳይንስ ልቦለድ ከሆነ አንድ ፕላኔት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ቺቲም ምንም ትርጉም የለውም?» ትለኝ ይሆናል። አለው እንጂ። ዕውቀት ሀብት ነው የሚለውን ሐሳብ ታሪኩ በሙሉ ይሸከመዋል። ያ ግን ተምሳሌት ነው፤ ነገሩ በታሪኩ ውስጥ እውን ሆኖ ሳለ ሌላ ሐሳብም ይወክላል። ያ ሐሳብ ለአንባቢው እንጂ ለሰኒ አይደለም፤ እሷ ብረቱን ትለቅማለች።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል እምነት አለን። አዲስ አበባ ውስጥ የሚካሄድ የወጣቶች ፋንታሲ ገጽ 3 ላይ «የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ጅብ ነው» ቢል፣ ሆዳም ማለቱ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ጎበዝ ደራሲ ቶሎ አይነግራችሁም። ሰውዬው በየማታው ፌስታል ሙሉ ሥጋ ይዞ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ይወጣል፣ ጎረቤት ሰላም ይላል፣ በሩን ይዘጋል። እናንተም ገጽ 40 ድረስ ሆዳም ይሁን ጅብ ሳታውቁ ትቆያላችሁ።