የእርግዝና ዕድሜ አቆጣጠር

የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው ፅንሱ ከተፀነሰበት ዕለት ሳይሆን እናቲቱ የመጨረሻ የወር አበባዋን ማየት ከጀመረችበት ቀን ነው። የፅንሱን ዕለት በእርግጠኝነት የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የወር አበባ ግን ይታወሳል። ስለዚህ ካርድ ላይ «8 ሳምንት» የተባለለት ሽል ትክክለኛ ዕድሜው 6 ሳምንት ገደማ ነው። ይህን ሳያውቁ «ያኔ እኔ መች አገር ውስጥ ነበርኩ?» የሚሉ ባሎች በከንቱ ቤት ያምሳሉ።

«34+3» ተብሎ ሲጻፍ 34 ሳምንት ሞልቶ 3 ቀን ሆኗል ማለት ነው። 34+6 ም ቢሆን ገና 34 ነው፤ ወደ 35 አይጠጋጋም።

ሙሉው እርግዝና 280 ቀን ነው። የመውለጃውን ቀን ለማግኘት በፈረንጆቹ ካላንደር የወር አበባው በጀመረበት ቀን ላይ 7 ቀን ተደምሮ 3 ወር ይቀነሳል። በእኛ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 9 ወር ከ10 ቀን መደመር ይበቃል፦ መስከረም 1 ያየች ሰኔ 11 ትጠበቃለች። የሚያሳስተው ጳጉሜን ነው። መሀል ላይ ከገባች የሚደመረው 10 ቀን ሳይሆን 5 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4። ጥር 12 ያየች ቀኗ ጥቅምት 17 (ወይም 16) ይደርሳል። ውጭ አገር ክትትል የጀመረች ሴት «መጋቢት 2» ስትል ማርች 2 ተብሎ ከተመዘገበ 9 ቀን ተዛባ፤ መጋቢት 2 ማርች 11 ነውና።

ስሌቱ የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ለሚመጣ ሴት የተሠራ ነው። በየ35 ቀኑ የምታይ ሴት እንቁላል የምትለቀው ሳምንት ያህል ዘግይታ ስለሆነ በካርዱ ላይ ፅንሱ ከዕድሜው በላይ ይቆጠርበታል። እያጠባች ወይም የወሊድ መከላከያ መርፌ አቋርጣ ሳታይ ያረገዘችም መነሻ ቀን የላትም።

እዚህ ላይ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል፣ ያውም በጊዜ። እስከ 13+6 ድረስ ሽሉ ከራስ ቅሉ እስከ መቀመጫው ይለካል፤ ስህተቱም ከሳምንት አይዘልም። ከ9 ሳምንት በፊት ከ5 ቀን በላይ፣ ከዚያ እስከ 13+6 ከ7 ቀን በላይ ከወር አበባው ስሌት ከተለያየ የአልትራሳውንዱ ቀን ይያዛል። በመጨረሻዎቹ ወራት የታየ ግን ሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል፤ ቀድሞ የተረጋገጠ ቀን በእሱ አይቀየርም። የሚቀይር ባለሙያ ዕድገቱ የቆመን ፅንስ «ዕድሜው ትንሽ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል።