የፍሬም ሳይዝ ምንድን ነው? መሪውስ ምን ያህል ከፍ ይበል?

ብስክሌት ስንገዛ ሁላችንም የምናደርጋት ነገር አለች። ኮርቻው ላይ ወጣ እንልና እግራችን መሬት ከነካ «በቃ፣ ልክህ ነው» እንባላለን። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ይሄ ብዙም አይጎዳም። ሜዳ ነው፤ ገበያ ደርሶ ለመመለስ የተገኘው ብስክሌት ይበቃል። ኮርስ፣ ማለትም የውድድር ዓይነት ብስክሌት ላይ ሁለት ሰዓት ጎንበስ ብሎ ለሚነዳ ግን ስህተቱ አንገትና መዳፍ ላይ ይወጣል።

የመጀመሪያ ኮርሴ ያገለገለ ነበር፤ ቁጥሩ 58። ሻጩ «ኮርቻውን ዝቅ እናደርገዋለን» አለኝ፤ አመንኩት። እውነትም እግሬ ተስማማው። ከጢስ ዓባይ ስመለስ ግን ትንሿ ጣቴ ደንዝዛ ማርሽ መቀየር አቃተኝ።

58 የፍሬሙ፣ ማለትም የብስክሌቱ አካል፣ ሳይዝ ነው፤ ኮርቻው የሚገባበት ቋሚ ቱቦ ርዝመት፣ በሴንቲ ሜትር። አምራቾች ግን አንድ ዓይነት አይለኩም። አንዱ እስከ ቱቦው ጫፍ ይለካል፣ ሌላው አግዳሚው ቱቦ እስከሚገናኘው ቦታ ብቻ። ስለዚህ የአንዱ 56 የሌላው 54 ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ቁጥር ይልቅ የሚታመኑት ስታክና ሪች ናቸው። ሁለቱም ፔዳሉ ከሚዞርበት መሀል ተነስተው መሪው የሚገባበት ቱቦ አናት ድረስ ይለካሉ። ስታክ ወደ ላይ ያለው ቁመት ነው፤ ሪች ወደ ፊት ያለው ርቀት። ኮርቻ ከፍም ዝቅም ይላል። ሪች ግን ከፍሬሙ ጋር የተበየደ ነው፤ አይነካም። መሪውን የሚይዘውን ስቴም ከ110 ወደ 90 ሚሊ ሜትር ማሳጠር ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ካሳጠሩት ግን መሪው ይቀብጣል። እኔን የጎዳኝ ይሄው ሪች ነው፤ ረዝሞብኝ ነበር።

ለመነሻ ቤት ውስጥ ተለኩ። ጫማ አውልቁ፣ ጀርባችሁን ለግድግዳ ስጡ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግራችሁ መሀል ወደ ላይ ጠበቅ አድርጉ። ከወለል እስከ መጽሐፉ ጠርዝ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ0.67 ሲባዛ 54 ገደማ ይመጣል፤ ይሄ ፍሬሙ ነው። በ0.883 ሲባዛ 70.6 ይሆናል፤ ይሄ ፔዳሉ ከሚዞርበት መሀል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ቁመት ነው። ፎርሙላዎቹ ግምት ናቸው፤ ክንዱ አጭር የሆነ ሰው አነስ ያለውን ፍሬም ይምረጥ።

የመሪው ከፍታ የሚታየው ከኮርቻው አንጻር ነው። የባለሙያ ተወዳዳሪዎችን ፎቶ አይቶ መሪውን መሬት የሚያስነካ ልጅ ብዙ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ከሰዓት በኋላ ከጣና በኩል ነፋስ ሲነሳ፣ ወደ ከተማ የሚመለስ ሰው የጠምዛዛውን መሪ ታችኛ ክፍል ይዞ መጎንበስ ይፈልጋል። መሪው አስቀድሞ ከልክ በላይ ዝቅ ካለ ግን እዚያ እጁን አያሳርፍም፤ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል።

ማስተካከያው ከስቴሙ ሥር ያሉት ቀለበቶች ናቸው። አንዱን አውጥታችሁ ከስቴሙ በላይ አድርጉት፤ መሪው ዝቅ ይላል፣ ትንሽም ይርቃል። ሁለት ሳምንት ንዱበት። አንገት ካላመመ ቀጣዩን ውሰዱ። ስቴሙና ቀለበቶቹ የገቡበትን ቱቦ ለማስቆረጥ ግን አትቸኩሉ፤ የተቆረጠ አይቀጠልም።

አሁን 54 ነው የምነዳው። መሪዬ ከኮርቻው በ4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ሁለት ቀለበቶች አሁንም ከሥር አሉ።