ካርማ ምንድን ነው? ከ«የእጁን አገኘ» ጋር የተምታታው ቃል

ሰሞኑን አንድ ሰው ትዳሩን አፍርሶ በወጣ በጥቂት ወሩ ታመመ የሚል ወሬ ተለጥፎ፣ ከሥሩ አንዱ «ካርማ አድራሻ አትስትም» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ሳቀለት፣ ወደደለት። እኔ የሕንድን ሃይማኖቶች ታሪክ የማስተምር ነኝና ሳቄ አልመጣም። «የእጁን አገኘ» የሚል የጠራ አማርኛ እያለን፣ በሰው መከራ ደስ ሲለን ቡድሃን ለምስክርነት መጥራት ለምን አስፈለገ? (ቡድሃ ያልሁት ካርማን ካስተማሩት አንዱን፣ የቡድሂዝምን መሥራች ነው፤ ስሙም «የነቃ» ማለት ነው። «ቡዳ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም፤ እርሱ ሌላ ጣጣ ነው።)

ካርማ ሥራ ማለት ነው፤ ድርጊት። የሥራው ፍሬ ሌላ ስም አለው፤ ቪፓካ ይባላል፣ መብሰል እንደማለት። የሰውየውን ሕመም ካርማ ያለው ወዳጃችን እንግዲህ ገና ከስሙ ዘሩን ከምርቱ ደባልቋል። ቡድሃ ደግሞ ቃሉን የባሰ አጥብቦታል፤ ካርማ የምለው የልብን ሐሳብ ነው፣ ሰው አስቦ ነው በአካሉ፣ በአንደበቱና በልቡ የሚሠራው ይላል። ጉንዳን ሳያዩ መርገጥና እያዩ መርገጥ በእርሱ ዘንድ ለየቅል ናቸው።

ለተማሪዎቼ የምመስለው በእርሾ ነው። ከዛሬው ሊጥ የቀረው እርሾ ለሚቀጥለው ቡኮ ይገባል። ዛሬ ሚስቱን በስድብ ዝም ያሰኘ ሰው ነገ ስድቡ ይቀልለዋል፣ ከነገ ወዲያ ሳያስበው ከአፉ ይወጣል። ማንም አልቀጣውም፤ እርሾው ነው የገባው። ታግሶ ዝም ያለም እንዲሁ የራሱን እርሾ እያስቀመጠ ነው። ይሁንና እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ሲቀር ባልትና የምታውቅ ሴት ወዲያው እርሾውን አትከስም። ምጣዱ ሳይግል ይሆናል፣ ዱቄቱ ይሆናል፣ የክረምቱ ብርድ ቡኮውን አዘግይቶት ይሆናል። (ከሊጡ ተቀንሶ፣ በእሳት በስሎ የሚመለሰውን አብሲት ንስሐ ነው ልላችሁ ነበር። ግን በቡድሃ ትምህርት ኃጢአት የሚያስተሰርይ አምላክ ስለሌለ ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይበጠሳል።)

ይህን ያልሁት ከራሴ አውጥቼ አይደለም። ሲቫካ የሚባል ተንከራታች ባሕታዊ ቡድሃን፣ «ሰው የሚሰማው ደስታም ሥቃይም ሁሉ ከቀድሞ ሥራው የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ አንተስ?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ቡድሃ ስምንት ምክንያት ቆጠረለት፦ ሐሞት፣ አክታ፣ ነፋስ፣ የእነዚህ መደባለቅ፣ የወቅት መለዋወጥ፣ ራስን በወጉ አለመያዝ፣ ድንገት የሚደርስ ጉዳት። ካርማ ስምንተኛው ነው። ሁሉንም በእርሱ የሚያሳብቡ ሰዎች ራሳቸው ከሚያውቁትም፣ ዓለም እውነት ብሎ ከያዘውም አልፈዋል አለ። ወዳጃችን ሰባቱን ዘልሎ ነው ስምንተኛው ላይ ያረፈው።

አሁን በራሴ ላይ ልመስክር። ሱባ ለሚባል ወጣት በተሰጠ ሌላ ትምህርት ውስጥ ቡድሃ ነፍስ የሚያጠፋ ዕድሜው እንደሚያጥር፣ ንፉግ እንደሚደኸይ በግልጽ ይናገራል። በስሪላንካም በታይላንድም የጎረቤትን ችግር በዚህ የሚተረጉሙ ቡድሂስቶች ሞልተዋል፤ እኔ የማወራው ፓሊ በሚባል የጥንት የሕንድ ቋንቋ ስለተጠበቁት የቡድሃ ድርሳናት ነው። ነገር ግን በዚያው ስብስብ፣ ከሱባው ቀጥሎ ያለው ድርሳን መፍረጃውን ይነጥቃል፦ ክፉ ሠርቶ፣ ከሞተ በኋላ በመልካም ስፍራ ዳግመኛ የሚወለድ አለ፤ አንድ አይቶ «ሁሉም እንዲህ ነው» የሚል ተሳስቷል። በሌላ ቦታም የካርማን ፍሬ አስልቶ ልድረስበት የሚል ሰው እብደትና ጭንቀት ነው የሚያተርፈው ተብሏል። ከሕመም ተነሥቶ ወደ ጥፋት መቁጠር የኢዮብ ወዳጆች ሥራ ነው፤ የሕንድ ልብስ አለበሱት እንጂ።

ለትዳርና ለጉርብትና ቡድሃ ምን አለ ለሚል ግን መልስ አለ። በራጃጋሃ ከተማ ሲጋላ የሚባል ወጣት፣ አባቱ ሲሞት በተናዘዘለት መሠረት፣ ጠዋት ጠዋት ፀጉሩና ልብሱ እንደራሰ ለስድስት አቅጣጫ ይሰግድ ነበር። ቡድሃ አቅጣጫዎቹን ሰው አደረገለት፦ ምሥራቁ ወላጆች፣ ደቡቡ መምህራን፣ ምዕራቡ ሚስትና ልጆች፣ ሰሜኑ ወዳጆች፣ ታቹ ሠራተኞች፣ ላዩ መነኮሳት። ባል ሚስቱን ያክብር፣ አያዋርዳት፣ አይወስልትባት፣ የቤቱን ሥልጣን ይስጣት፣ ጌጥ ይግዛላት። (ጌጡን ስጠቅስ ክፍሉ ሁልጊዜ ይስቃል።) ቤቱ ሠራተኛ ያለው ደግሞ እንደ አቅሟ ያሠራት፣ ምግቧንና ደመወዟን ይስጥ፣ ስትታመም ያስታምም፣ የጣፈጠውን ያካፍላት፣ በጊዜው ያሳርፋት። ከዝርዝሩ ውስጥ የሌላውን ሰው መከራ መርምሩ የሚል አንድም የለም።

አንጉሊማላ የሚባለው ነፍሰ ገዳይ መንኩሶ ለልመና ሲወጣ ሰዎች የወረወሩት ድንጋይ ፈንክቶት፣ ሳህኑ ተሰብሮ፣ ልብሱ ተቀድዶ ተመለሰ። ቡድሃ «ቻለው፤ የሥራህን ፍሬ እዚሁ እየተቀበልክ ነው» አለው። ወዳጃችን ሊጠቅስልኝ የሚችለው ታሪክ ይኸው ነው፤ ይጥቀስ። ቃሉ ግን የተነገረው ደሙ እየፈሰሰ ለቆመው ሰው ነው። ድንጋይ ወደወረወሩት ሄዶ «የካርማ እጅ ናችሁ» ያላቸው የለም።