ደጋ ሆኖ በረሃ እንዴት ይሆናል?

የአርጀንቲናው የወይን ከተማ ካፋያቴ ከፍታ ላይ ያለ በረሃ ነው ሲባል ይሄ ጥያቄ ስለተደጋገመ ነው ምጽፈው። እኛ ጎጃሞች በረሃ ሲባል የአባይ በረሃ ነው ሚታየን፣ ቆላና ሙቀት፣ ግን በረሃ ሚያሰኘው የዝናብ ማነስ ነው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ ካፋያቴ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢያገኝ ነው፣ ስለዚህ ከፍታም አለው በረሃም ነው፣ ወይኑ ሚያድገው ከተራራ በሚወርድ ውሃ በመስኖ ነው። ቀን ፀሐዩ ስኳሩን ያመጣለታል፣ ሌሊት ብርዱ ኮምጣጣነቱ ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርጋል፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ደሞ ሻጋታ ብዙም አያስቸግረው።

ይሄ የተረጋገጠ ነው። ጣዕሙ ግን በዝርያው፣ በአፈሩ፣ በሚለቀምበት ጊዜ ይለያያል፣ "ከፍ ባለ ቁጥር ይጣፍጣል" ሚሉት የሻጭ ወሬ ነው። ማርቆስ ላይ ወይን ልትክል ያሰብከው ወንድሜ ደሞ ከከፍታው በላይ የሐምሌና የነሐሴውን ዝናብ አስብበት።